ዓሣ በነሐሴ

ጾመ ፍልሰታ በነሐሴ 1 ሲገባ በየቤቱ አንድ የቆየ ክርክር ይነሣል፦ በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም? ክርክሩ ስለ በላተኛው ነው። በዚያው ሰሞን ጣና ላይ ዓሣው ራሱ በምን ሁኔታ እንዳለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለሃይማኖተኛ ሰው ከሁለቱ የሚከብደው ይኸኛው ነው።

ከጉና ተራራ የሚነሣው የጉማራ ወንዝ በበጋ ይሳሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በፎገራ ሜዳ ደፍርሶና ሞልቶ ወደ ሐይቁ ይገባል። ይህ ሙላት ላቤዎባርበስ ለሚባሉት ዓሦች የመራቢያቸው ምልክት ነው። ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎቻቸው ተለይተዋል። አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር የትም የሉም፤ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወረወረው ጢስ ዓባይ ከታችኛው ወንዝ ዓሦች ለይቷቸዋል። ቢያንስ 7ቱ ዝርያዎች በክረምት ሐይቁን ለቀው ይወጣሉ። መጀመሪያ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ሽቅብ ዋኝተው ወደ ትናንሽ ገባሮች ይዘልቃሉ። ደለል እንቁላላቸውን ስለሚያፍነው የሚፈልጉት ጠጠር የተነጠፈበት፣ ፈጥኖ የሚወርድ ጥርት ያለ ውኃ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመጡም። አንዱ ዝርያ ቀድሞ ይወጣል፣ ሌላው እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘገያል።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ ስለ ወፍ ጎጆ የተሰጠ አጭር ትእዛዝ አለ። እናቲቱን በጫጩቶቿ ወይም በእንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣ ያገኘ ሰው እሷን ይልቀቃት ይላል። ወፍ ማደን በደፈናው አልተከለከለም፤ ክልከላው ያረፈው በዚያ ሰዓትና በዚያ ቦታ ላይ ነው። ያው እጅ ያችኑ ወፍ በሌላ ቀን ቢይዝ በደል አይሆንበትም።

የአይሁድ ሊቃውንት ሚሽና በተባለው የሕግ መጽሐፋቸው ትእዛዙን ለንጹሓን አዕዋፍ ብቻ ወስነውታል፤ ቃል በቃል ወደ ዓሣ ማሻገር አይቻልም። ምክንያቱ ግን ይሻገራል። ወፏን ለአዳኝ የሚያጋልጣት እናትነቷ ነው፤ ጎጆዋን ትታ ለመብረር ታመነታለች። የጉማራን ዓሣም ለመረብ አሳልፎ የሚሰጠው መራባቱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የኖረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንድ ጠባብ በር ያልፋል።

በዚያ በር የደረሰው ጉዳት ተለክቷል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 የጣና ላቤዎባርበስ በክብደት 75 በመቶ፣ ታዳጊዎቹ ደግሞ በቁጥር 90 በመቶ መቀነሳቸውን በሐይቁ ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ጥናቱ ዋና ምክንያት ያላቸው ሁለት ናቸው፦ ለንግድ የሚጣለው መረብና ብርብራ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣውን ይመርዛል፤ ትልቅ ትንሽ፣ እናት ልጅ አይለይም።

ነሐሴ ግን ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው። በታንኳው ወጥቶ ልጆቹን የሚያበላውን ሰው «ተው» ማለት ለጠገበ ይቀላል። ኦሪቱም አዳኙን ባዶ እጁን አልሰደደውም፤ ጫጩቶቹን ውሰድ ብሎታል። ስለዚህ የወንዙን በር ለእነዚያ ሳምንታት የሚዘጋ ማኅበረሰብ ከመረቡ ለሚታቀበው ዓሣ አስጋሪ የሚከፍለው ዕዳ አለበት።

ወደ ጣና በሚገባው በሌላው ወንዝ፣ በርብ ላይ ደግሞ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል። የወፏ ሕግ የሚናገረው ስለሚይዝ እጅ ነው፤ ግድብ ማንንም አይዝም፣ መንገድ ይዘጋል እንጂ። የፎገራ ገበሬ ውኃውን ይፈልጋል፣ ይገባዋልም። ዓሦቹ በሚወጡባቸው ሳምንታት ምን ያህል ውኃ ይለቀቅላቸው? ከግድቡ በታች የቀረላቸውን ጠጠር ከደለል ማን ይጠብቅላቸው? እነዚህ ለመሐንዲሱ ብቻ የሚተዉ ጥያቄዎች አይደሉም፤ በፍልሰታ ሰሞን ዐውደ ምሕረት ላይ የሚቆመው ሰባኪም ሊያነሣቸው ይገባል።