ፈቃዷን ማን ጠየቀ?



ፍትሕ ማለት በዳዩን መቅጣት ብቻ ነውን? ወይስ የተበደለችውን ሰው ማክበርም ጭምር ነው? አንዲት ሴት ተደፍራ ወደ ሕግ ስትቀርብ ይህ ጥያቄ ከብዶ ይታያል።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በቁጥር 599፣ የተደፈረችው ሴት በፈቃዷ የደፈራትን ሰው ብታገባ እንዳይከሰስ፣ ተፈርዶበትም ከሆነ ቅጣቱ እንዲቀር ይደነግግ ነበር። «በፈቃዷ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ! ቤተሰቧ ስለ ስሙ ተጨንቆ፣ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ እያለ የቱ ፈቃድ ይቀርላታል? አንድ ጊዜ በጉልበት የተጣሰው ፈቃዷ ሁለተኛ በሽምግልና ሊጣስ ይችል ነበር።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋ። በአንቀጽ 620ም አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲያስቀጣ ደነገገ። ይሁን እንጂ ሕግ ሲለወጥ ልማድ ወዲያው አይለወጥም። «ምን ለብሰሽ ነበር? በዚያ ሰዓት ምን ልትሠሪ ወጣሽ?» ማለት ዛሬም አልጠፋም።

«ተከሳሹ ንጹሕ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ማንም ሳይመረመር ሊፈረድበት አይገባም። ነገር ግን ማስረጃን መመርመርና ተበዳይን ማዋረድ የተለያዩ ናቸው። ልብሷ ስለ ፈቃዷ አይመሰክርም። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንደ ተቋቋመው ያለ ማዕከል ሕክምናውን፣ የፖሊስ ምርመራውንና የዐቃቤ ሕጉን ሥራ በአንድ ስፍራ ያገናኛል። ተበዳይዋ ያንኑ ሥቃይ በየቢሮው እየዞረች ከመናገር ትድናለች፤ ማስረጃውም ሳይጠፋ ይያዛል። እንግዲህ ርኅራኄ የእውነት ረዳት እንጂ ጠላት አይደለም።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል? እኅታችን ደርሶባት ብትነግረን፣ ከፈቀደች ገላዋንና ልብሷን ሳታጥብ ፈጥና ሐኪም ዘንድ እንድትደርስ እንርዳት። ታጥባም ከሆነ መሄዷ አይቅር፤ ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና። «ነገሩ በዕርቅ ይለቅ» እያልን ሸክም አንጨምርባት። ዕርቅ የጎረቤትን ጠብ ያበርዳል፤ ይህን ወንጀል ግን አይሽርም።

ከሁሉ በፊት ያልተጠየቀችውን እንጠይቃት፦ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»