ጅብ ከሄደ በኋላ እንዳይጮኽ

የእኅቴ ልጅ፣ ባለፈው እሑድ ሮቤ የተከራየሽውን ክፍል ሳይ ሁለት ነገሮች ዓይኔ ውስጥ ገቡ። አንዱ አልጋሽ አጠገብ ያስቀመጥሽው የከሰል ማንደጃ ነው። ሌላው አሜሪካ ያለው አጎትሽ የላከልሽ የጭስ አላርም ነው፤ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ ላይ አቧራ ለብሷል። ጓደኞችሽ ፊት አልናገርም ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። በጎባና በሮቤ ኮርኒስ ላይ እየወጣሁ ሽቦ ስዘረጋ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ጉዳይ ከእኔ ካልሰማሽ ከማን ትሰሚያለሽ?

የባሌ ሰው እሳት አያውቅም አልልሽም። ሳነቴ አምባ ዙሪያ ያሉ ከብት አርቢዎች በበጋ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ እያቃጠሉ ለከብቶቻቸው ለጋ ሣር ሲያወጡ ኖረዋል። በ1992 የባሌና የቦረና ደን ሲነድ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ድረስ እሳት አጥፊዎች መጥተዋል። የጫካ እሳት ግን ጭሱ ከሩቅ ይታያል፤ ሰው ይጠራራል፣ ቅጠል ይዞ ይወጣል። የቤት እሳት የሚመጣው አንቺ ስትተኚ ነው። የተኛ ሰው አፍንጫውም አብሮት ይተኛል፤ ጭሱ ሲሸተኝ እነቃለሁ ብለሽ እንዳትተማመኚ። ጆሮ ግን ይነቃል። አላርሙ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ አፍንጫሽ የማይሰማውን ለጆሮሽ ይነግራል።

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ይባላል። እኛ ጎባ ውስጥ ውሻ የምናሳድገው ለጌጥ አይደለም፤ እኛ ስንተኛ እሱ እንዲነቃልን ነው። ውሻ ግን ጅብ አይገድልም፤ ባለቤቱን ይቀሰቅሳል፣ የቀረው የባለቤቱ ሥራ ነው። ሰኔ 7 ቀን 2009፣ በፈረንጆች ጁን 14 ቀን 2017፣ ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ሕንፃ የተቃጠለ ሌሊት የሆነውን ስሚ። እሳቱ የተነሣው ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው በሚኖርበት ቤት፣ ከፍሪጅ ነበር። ሰውየውን ያነቃው የጭስ አላርም ነው። ከወጥ ቤቱ ጭስ ሲያይ አብረውት የሚኖሩትን ቀሰቀሰ፣ እሳት አደጋ ጠራ፣ ቆጣሪውን አጠፋ፣ የጎረቤት በር አንኳኳ። ሕንፃው በውጭ በኩል የለበሰው ቶሎ የሚነድ ነገር ስለነበር እሳቱ ወደ ላይ ተምዘግዝጎ 72 ሰው ሞተ። ነገሩን የመረመረው ጉባኤ ግን ሰውየው ጥፋት እንደሌለበት በይፋ ተናገረ። አላርሙ የሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሰውየውም በደቂቃዎቹ ተጠቀመባቸው። ከአላርም ከዚህ በላይ አይጠበቅም፣ ከዚህ በታችም መቀበል የለብሽም።

አሁን የራሴን ኀፍረት ልንገርሽ። አጎትሽ ለእኔም አንድ ልኮልኝ ነበር። ሳሎን ውስጥ፣ ረከቦቱ ከሚዘረጋበት አናት ላይ ሰቀልኩት። ኤሌክትሪሻን ነኝ ባይ! ቡና በተቆላ ቁጥር ጮኸ፣ ዕጣን በጨሰ ቁጥር ጮኸ። እንግዳ ሳቀ፣ ሚስቴ ተቆጣች። እኔም አንድ ቀን ወንበር ላይ ወጥቼ ባትሪ ድንጋዩን አወጣሁና ለሬዲዮኔ አደረግኩት። ከወራት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማከፋፈያው ላይ የተረሳ ቻርጀር ጋለና መጋረጃውን አያያዘው። እኛ ጓዳ ተኝተናል። ያነቃን ለሱብሒ ሶላት የተነሣው ጎረቤታችን ነው፤ በመስኮቱ ነበልባል አይቶ በሩን ደበደበ። መጋረጃው፣ ሶፋውና የኮርኒሱ ግማሽ ሄደ። አላርሙ ግን እንደተለጎመ ውሻ ከላይ ቁልቁል ዝም ብሎ ያየን ነበር። ያን ቀን የገባኝ ነገር፣ የማይሠራ አላርም ከሌለ አላርም ይብሳል። ባይኖረኝ ኖሮ ቻርጀሩን ነቅዬ እተኛ ነበር፤ ድንጋዩን ማውጣቴን ረስቼ፣ አላርም አለኝ ብዬ ተማምኜ ተኛሁ።

ስለዚህ ውሻሽ በእንግዳ ላይ ከጮኸ ቦታውን ቀይሪለት እንጂ አፉን አትሰሪው። ምግብ ከሚበስልበትና ቡና ከሚፈላበት ቢያንስ 3 ሜትር አርቀሽ፣ ከአልጋሽ በላይ ኮርኒሱ ላይ ስቀይው። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደውና መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ከግድግዳው ጫፍ ከ10 እስከ 30 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርገሽ ግድግዳው ላይ አድርጊው። አያትሽ ገጠር ባለው ጎጆ ውስጥ ግን አትሞክሪው። እንጨት ቀኑን ሙሉ በሚነድበት ቤት አላርም ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ለእሷ የሚያስፈልጋት ጭስ መውጫ ያለው የተለየ ማድ ቤት ነው።

ከሰቀልሽው በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው፣ ግን እንዳይረሳ ቀን ይፈልጋል። ደመወዝ በተቀበልሽ ቀን የመጥረጊያ እንጨት አንሥተሽ መሞከሪያ ቁልፉን ተጫኚው። ጆሮሽን እስኪያምሽ ከጮኸ ደህና ነው። መስከረም ሲጠባ፣ ለቤትሽ ቄጠማ ስትገዢ፣ ለእሱ አዲስ ባትሪ ድንጋይ ግዢለት፤ አሮጌው ገና ይሠራል ብለሽ አትሰስቺ። ድንጋዩ ሲደክም በየደቂቃው ገደማ “ጭር” እያለ ይጠራሻል። ብርድ ድንጋይን ስለሚያደክም ይህ ጥሪ በእኛ አገር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ተናድደሽ ነቅለሽ መሳቢያ ውስጥ እንዳትከቺው። በውስጡ ጭሱን የሚያይ ትንሽ የብርሃን ዓይን አለ፤ አቧራና የሸረሪት ድር ከገባበት ወይ ያለምክንያት ይጮኻል፣ ወይ ይታወራል። በየጥቂት ወሩ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፊው። እርጥብ ጨርቅ አታስነኪው፣ አከራይሽ ቤቱን ቀለም ሲያስቀቡም እንዲቀቡት አትፍቀጂ።

አላርም ያረጃል። ከ10 ዓመት በኋላ ቢጮኽም አትመኚው፣ በአዲስ ለውጪው። የተሠራበት ቀን ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ እዚህ ላይ ግን የእኛ ሰው የሚሳሳትበት ወጥመድ አለ። ዘመኑ የፈረንጅ ነው። 2017 የሚል ካየሽ ትናንት የወጣ አይምሰልሽ፤ ግሬንፌል በተቃጠለበት ዓመት፣ በእኛ 2009 ገደማ የተሠራ ነው። በዚህ ስሌት ስንት ሰው አሮጌ ዕቃ እንደ አዲስ ተሸጦለታል!

አሁን ወደ ማንደጃው ልምጣ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ዋናው እሱ ነው። “ደጅ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ሲያልቅ፣ ፍሙ ሲቀላ ነው የማስገባው” እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ሁላችንም እንዲህ እንል ነበር። የሚገድለው ግን የሚታየው ጭስ ብቻ አይደለም። የቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ጉልበት ይይዛል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባም ከ2,700 በላይ ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። ካነሰው ላይ ሌባ ጨመርሽበት ማለት ነው። ብርዱን ለመከላከል በር ዘግተሽ፣ በመስኮቱ ሽንቁር ጨርቅ ወትፈሽ ስትተኚ ሌባውን ከራስሽ ጋር ቆለፍሽው።

ይህን ሌባ የጭስ አላርም አያውቀውም። ለጅብ የሠለጠነ ውሻ ለእባብ አይጮኽም። የአጎትሽን ካርቶን ገልብጠሽ እዪው፤ ሲ እና ኦ የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉበት ለካርቦን ሞኖክሳይድም ይሆናል፣ ከሌሉበት ለጭስ ብቻ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሁለቱን የሚያውቅ አላርም ድምፁን ይለያል፦ ሦስት ጊዜ ጮኾ ፋታ ከወሰደ ጭስ ነው፣ አራት ጊዜ ጮኾ ፋታ ከወሰደ ጋዙ ነው። ቢኖርሽም ግን ማንደጃ አስገቢ የሚል ፈቃድ አይደለም። ውሻ ስላለ ጅብ ቤት ውስጥ አይታሰርም።

ራስሽን ከከበደሽ፣ ካዞረሽ፣ ካቅለሸለሸሽ፣ በተለይ አብረውሽ ያሉትም እንደዚያው ካሉ፣ ጉንፋን ነው ብለሽ አትተኚ። በር ከፍተሽ ውጪ፣ ሌላውንም ጎትተሽ አውጪ። ሎሚ በማሽተት ጊዜ አታጥፊ፤ የሚያድነው ኦክስጅን ነውና ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

የፊታችን እሑድ መሰላሌን ይዤ እመጣለሁ፤ አንቺ ባትሪ ድንጋይ ገዝተሽ ጠብቂኝ። ብርዱን ምን ላድርገው እንዳትዪ ሚስቴ ከሣጥኗ ቡሉኮ አውጥታልሻለች፤ የጎባን ክረምት ስንት ዓመት የቻለ ነው። ማንደጃውን በረንዳው ላይ ላግኘው፤ ቡናውን እዚያው ጋቢ ተከናንበን እንጠጣለን። ከዚያ አላርሙን ሰቅዬ ስጨርስ ቁልፉን የምትጫኚው አንቺ ነሽ። ሲጮኽ ጎረቤት ቢደነግጥ አትፈሪ፤ የደነገጠው ሁሉ ይምጣና ለራሱም ይስማው።