ሪፖርቱ የሚነበበው መቼ ነው?

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች እንደ «በመከናወን ላይ ይገኛል» ያለ ታታሪ ዓረፍተ ነገር የለም። ያልተጀመረውንም፣ መሐል ላይ የቆመውንም፣ ሊያልቅ አንድ ሳምንት የቀረውንም እኩል ይሸከማል። ሰኔ ሲጋመስ ደግሞ ሥራ ይበዛበታል። ይህን የማውቀው በሙያዬ ምክንያት ነው። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ከምሠራቸው ነገሮች አንዱ በመንግሥት በጀት የሚካሄዱ ምርምሮች ዓመታዊ የሂደት ሪፖርት የሚገባበት ሲስተም ነው። የየትኛው ተቋም እንደሆነ ይቅር። ተመራማሪው ፎርሙን ይሞላል፣ ፐርሰንት ያስገባል፣ «ላክ» የሚለውን ይጫናል። በሰኔ የመጨረሻዎቹ ቀናት ሰርቨሩ ያቃስታል። ሐምሌ 1 ሲገባ ግን ጸጥ ይላል።

ዛሬ ላወራ የፈለግኩት ስለዚያ ጸጥታ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁሉም ሰው የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ እነዚህ ሰዎች ይዋሻሉ እንዴ?

አሠራሩን ካላወቃችሁት ሁሉም ነገር ስንፍና ይመስላችኋልና መጀመሪያ እሱን ላስረዳ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። እስከዚያ ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ተመራማሪው የወሰደውን ቅድሚያ ማወራረድ፣ ደረሰኙን ማስገባት፣ ሪፖርቱን ማቅረብ ያለበት ከዚያ ቀን በፊት ነው። የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብም፣ ቢያንስ በደንቡ፣ የሚለቀቀው ሪፖርቱ ታይቶ ነው። ምርምሩ የሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ ግን በየዓመቱ እየሞተ በየዓመቱ ይነሳል። ተመራማሪዎች እንደሚነግሩኝ ደግሞ ብሩ እጃቸው የሚገባው አንዳንዴ ኅዳር፣ አንዳንዴም ጥር ላይ ነው። «ዓመታዊ» የተባለው ሪፖርት የስድስት ወር ሥራ ሆኖ ቁጭ ይላል ማለት ነው።

አሁን ይህን ካሌንደር ይዘን ወደ ኮን እንሂድ። ኮን አገሬ ነው። የዋድላ ወረዳ ከተማ ነው፤ ከወልድያ በጋሸና አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር በሚያልፈው፣ እኛ የቻይና መንገድ በምንለው መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ። ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ምስር ይዘራል። ዝናቡ ሁለት ነው። በልጉ ከመጣ ሰኔ አካባቢ የሚደርስ እህል ይገኝበታል፤ ካልመጣ ግን ማንም አያስገድደውም። የክረምቱ ደግሞ ሰኔ ላይ ይጀምርና የመኸሩ አዝመራ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሰበሰባል። አንድ ተመራማሪ እዚያ አዲስ የገብስ ዝርያ እየሞከረ ነው እንበል። ሰኔ 30 ላይ ማሳው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ጭቃና ጣት የማታክል ቡቃያ። ፎርሙ ግን የዓመቱን ውጤት እየጠየቀው ነው።

ፎርሙ ቁጥር ይፈልጋል፤ «የአፈጻጸም ደረጃ በመቶኛ» ይላል። የምኑ መቶኛ? የቀኑ ከሆነ ካሌንደር ማየት ይበቃል። የሥራው ከሆነ ደግሞ ገና ያልታጨደን ነገር ማን ይለካዋል? ሰው ሲቸግረው ሊቆጠር የሚችለውን ይቆጥራል፤ ሊቆጠር የሚችለው ብሩ ነው። ከበጀቱ 80 በመቶ ከወጣ ሥራውም 80 በመቶ ተባለ። በዚህ ዓይነት ገንዘብ ማውጣት ራሱ ሥራ መሥራት ይሆናል፣ ቆጥቦ የሠራው ሰው ሰነፍ ይመስላል። ይህ ነገር ከሲስተሙ ጋር የመጣም አይደለም። በፊት በኤክሴል፣ ከኤክሴል በፊት ደግሞ በወረቀት እንደዚሁ ነበር።

ታዲያ ውሸት ነው? አውግስጢኖስ ስለ ውሸት ሲጽፍ ነገሩን ከማታለል ፍላጎት ጋር ያያይዘዋል፤ በልብ አንድ ነገር ይዞ፣ ሰው ለማሳሳት፣ በአፍ ሌላ መናገር። በዚህ መለኪያ ተመራማሪው ይተርፋል። 75 ብሎ ሲጽፍ ማንን አታለለ? አስተባባሪዋ ያውቃሉ። ዳይሬክተሩ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ማንንም አያሳስትም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ሃሪ ፍራንክፈርት ደግሞ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፉ ሌላ ሰው ያስተዋውቀናል። ውሸታም ቢያንስ እውነቱ ግድ ይሰጠዋል፤ ሊደብቀው ነዋ። እውነት ሆነ ሐሰት ግድ ሳይሰጠው ዝም ብሎ የሚያወራው ሰው ግን ለእውነት ከውሸታሙ የባሰ ጠላት ነው ይላል። እኛ ለዚህ ግሩም ቃል አለን፦ ለይስሙላ። (ቃሉ ውስጥ «ይስሙ» የሚል ነገር ይሰማኛል፤ የሚገርመው ማንም አለመስማቱ ነው።)

ግን ፍራንክፈርትም ሙሉ በሙሉ አይገጥምልኝም። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። የመስክ ደብተራቸውን አይቻለሁ። የእያንዳንዱ መደብ የበቀለበት ቀን፣ የተክሉ ቁመት፣ በረዶ የወረደበት ሰዓት ሳይቀር በእርሳስ ተጽፎበታል። ያ ሰው እውነት ግድ አይሰጠውም ልትሉት አትችሉም። ደብተሩ ላይ ለግማሽ ሴንቲሜትር የሚጨነቀው ሰው፣ ፎርሙ ላይ ሲደርስ 75 ብሎ ያልፋል። ሰውዬው ያው ነው። የተለየው የሚያነበው ሰው ነው፤ ደብተሩን ነገ እሱ ራሱ ያነበዋል።

ይህን ለአስተባባሪዋ ነገርኳቸው። ሥራውን ከእኔ ዕድሜ ብዙም በማያንስ ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው። «ዴድላይኑን አትውቀሰው ልጄ» አሉኝ። «እኔ የሁሉንም ሰብስቤ፣ ጨምቄ፣ ወደ ላይ መላክ አለብኝ። አንዱ ዘገየ ማለት የሌላውም ገንዘብ ዘገየ ማለት ነው። ሰው ሰኔ 30ን የሚጠላው ስለ ራሱ ብቻ ሲያስብ ነው።»

እውነታቸውን ነው። የአሜሪካው ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ዓመታዊው ሪፖርት የበጀት ጊዜው ከማለቁ 90 ቀን በፊት እንዲገባለት ይጠብቃል። ካልገባ መዘዙ ለዋናው ተመራማሪ ብቻ አይደለም፤ አብረውት የተመዘገቡት ተመራማሪዎች ያቀረቡት አዲስ ጥያቄ ሳይቀር ይያዛል። ጨካኝ ይመስላል፤ ግን መዘግየት ሌላ ሰው ላይ እንደሚያርፍ በግልጽ ይናገራል። በዚያው አገር የጤና ምርምርን የሚደግፈው ኤንአይኤች ፎርም ላይ ደግሞ ያስቀናኝ ነገር አለ፦ የገጠማችሁ ወይም ይገጥመናል የምትሉት ችግርና መዘግየት ምንድን ነው፣ ምንስ ልታደርጉ አሰባችሁ ብሎ የሚጠይቅ ክፍል አለው። ይህ ክፍል ሰውን ሐቀኛ ያደርጋል አልልም። ሐቀኛ መሆን ለፈለገ ግን የሚጽፍበት ቦታ ይሰጠዋል።

«እኛም ከፐርሰንቱ ጎን ሌሎች መልሶች እናስገባ» አልኳቸው። «ገና። አልሆነም። ጠፋ።»

«ገና የሚል መልስ ከሰጠሃቸው ሁሉም ሰው ገና ይላል» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው። ኮን ላይ ያለ ገበሬ የመሬት ግብር ሲጠየቅ «በመከናወን ላይ ይገኛል» ብሎ አያመልጥም። እሱ በቀኑ የሚከፍለውን ገንዘብ ሌላው በ«ገና» ሲያልፈው ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? ስለዚህ ተስማማን፤ ገና ያለ ሰው ምን እየጠበቀ እንደሆነና መቼ እንደሚያውቀው ይጽፋል። «ኅዳር ላይ ታጭዶ ሲመዘን» ማለት መልስ ነው። ሲስተሙም ኅዳር ላይ መልሶ ይጠይቀዋል። ፐርሰንቱን ማጥፋት ግን አልቻልንም፤ የላይኛው ቢሮ ሠንጠረዥ ይፈልገዋል።

«ጠፋ» የሚለው ላይ አልተከራከሩኝም። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ላይ ነበር። ወልድያ ዩኒቨርሲቲና የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሄደው ኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ያለው የዓመታት ልኬትም አብሮ ይሄዳል። ልኬቱ የጠፋበት ሰው «በመከናወን ላይ ይገኛል» ብሎ ሲጽፍ፣ የደረሰበት ነገር ከመዝገብ ይፋቃል። ከዓመታት በኋላ ሰነዱን የሚያገላብጥ ሰው በ2014 ምንም የተፈጠረ ነገር ያለ አይመስለውም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሰኔ 30 ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ ሲስተም መሥራት ለፕሮግራመር አንድ መስመር ኮድ ነው፤ በሩ የሚዘጋበት ሰው ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። የኛው አይዘጋም። «ዘግይቶ የገባ» ብሎ ይመዘግባል፣ ለምን እንደሆነም ይጠይቃል።

እሺ፣ ፎርሙ ተሻሻለ። ሰዎችም ቀስ በቀስ «ገና» ማለት ጀመሩ። ከዚያስ? የሎግ ፋይል ማገላበጥ የሙያዬ ልማድ ነውና አየሁት። አብዛኛው ሪፖርት የተከፈተው አንድ ጊዜ ነው፤ ፐርሰንቱን ወደ ማጠቃለያው ለመገልበጥ። ተመራማሪው በብዙ ጭንቀት «አልሆነም» ብሎ የጻፈውን አንቀጽ የከፈተ ሰው የለም። ይኸው፣ የሐምሌ 1 ጸጥታ።

ለሚጽፈው ሰው ሰኔ 30 አለው። ለሚያነበው ሰው ቀን የለውም። ከጻፈው ዘግይቶ ቢያስገባ ገንዘቡ ይያዛል፤ ያላነበበው ግን ማንም አይጠይቀውም። የሚገርመኝ ስለ ሐቀኝነት ስናወራ ሁልጊዜ ጣታችንን የምንቀስረው ጻፊው ላይ መሆኑ ነው። እኔ አሁን የማምነው ሪፖርት የጠየቀ ሰው ንባብ እንዳለበት ነው፤ ዕዳ ነው፣ ውለታ አይደለም። ያንን ዕዳ የማይከፍል ሰው ለይስሙላ ተጻፈልኝ ብሎ መቆጣት አይችልም።

ይህን ነገር ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም ነበር። ዋድላ በቅኔ ቤቱ የታወቀ አገር ነው። ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል። የኔታ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ቤቱ ከጎደለ እዚያው ይነገረዋል፣ ምሥጢሩ ካልገባም እዚያው ይመለሳል። እዚያ ለይስሙላ መቁጠር ብዙ አያዋጣም፤ ተማሪው ስለሚፈራ ብቻ አይደለም፣ የሚሰማ ጆሮ ስላለ ነው። ሰምና ወርቁም የሚጠቅመው የሚፈታው ሰው ሲኖር ነው። የኛ ቢሮ «በመከናወን ላይ» ሰም ብቻ ነው፤ ወርቁን የሚፈልግ የለም።

ወሎ ያልተሰማ ሪፖርት ምን እንደሚያስከፍልም ያውቃል። በ1965 ረሃቡ ሲጸና የሰብሉ መጥፋት በአዲስ አበባ ቢሮዎች የማይታወቅ ነገር አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ መምህራንም ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰዋል። ዓለም በደንብ ያየው ግን በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። አንድን የገብስ ሙከራ ከዚያ ጋር እኩል ማድረጌ አይደለም፤ አይሆንምም። ግን ልማዱ አንድ ነው፦ ወረቀቱ ደርሷል፣ የሚያነበው አልደረሰም።

እናም ሲስተሙ ላይ አንድ ነገር ጨመርን፦ ያነበበው ሰው ስም፣ ያነበበበት ቀንና ቢያንስ አንድ ጥያቄ። አስተባባሪዋ በዚህኛው ሳቁ። «ይህን ለዳይሬክተሩ አንተው ንገርልኝ» አሉኝ። ነገርኩት፤ አልተቃወመም። አምዱ አሁን አለ፤ አብዛኛው ባዶ ነው። አንድ ቀን ግን አንድ ገምጋሚ «ሁለተኛው ማሳ ላይ ምርቱ ለምን ቀነሰ?» ብሎ ጻፈ። ተመራማሪው በዚያው ቀን ሁለት ገጽ መልስ ላከ፤ የአፈሩን፣ የውኃ መውረጃውን፣ የጎረቤት ከብት የገባበትን ቀን ሳይቀር። እንደዚያ ዓይነት ጽሑፍ በፎርሙ ላይ አይቼ አላውቅም።

የተጠቃሚዎቹ ዓይነት አራት ነው፦ ተመራማሪ፣ አስተባባሪ፣ ገምጋሚ፣ ዳይሬክተር። ማሳውን የሰጠው ሰው የለበትም። ኮን ያለው አጎቴ ከዓመታት በፊት ለአንድ የምርምር ቡድን መሬት ሰጥቶ ነበር። ችካል ተክለው ለኩ፣ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፣ ከዚያ ቀሩ። «ኮምፒውተር የተማርከው አንተ ነህ፤ ያ ገብስ ምን ሆነ አሉ?» እያለ በስልክ ይጠይቀኛል። ሪፖርቱን ባገኘውም 75 በመቶ እንደሚል እገምታለሁ። እሱ ግን ከዚያ ዘር ትንሽ አስቀርቶ ኖሯል፤ በየዓመቱ ከጓሮው ጥግ አንድ ቁና ይዘራል። ባለፈው ስደውልለት «ውርጭ ይችላል» አለኝ። «ቶሎም ይደርሳል። ጠላው ግን ጣዕም የለውም። ንገራቸው።»