አዲሱ ምጣድ ሳይሟሽ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ቀጨኔ በሸክላ ሠሪ ሴቶቹ የእጅ ጥበብ የታወቀ ሰፈር ነው። ከዚያ የተገዛ ምጣድ ወዲያው እንጀራ አይጋገርበትም፤ አስቀድሞ በጎመን ዘር ይሟሻል። አስተዋይ ባለቤትም አዲሱ እስኪሟሽ አሮጌውን አትጥልም። ይህ የማጀት ልማድ የዘመናችንን አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ለመመርመር ይረዳናል፤ ለመሆኑ ብዙዎች የሚገለገሉበትን መሣሪያ የመለወጥ ሥልጣን የማን ነው?

መሣሪያው ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተርን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ሶፍትዌር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተባለው፣ እንደ ሸክላ አንድ ጊዜ ተሠርቶ አያበቃም፤ ጉድለቱ እየታረመ በየጊዜው በጥቅል ይላካል። በአጠቃቀሉ ላይ ሁለት መንገዶች ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ደቢያን የተከተለው መንገድ ፕሮግራሞች አስፈላጊ ክፍሎችን በጋራ እንዲጠቀሙ ያደርጋል፤ የጋራው ክፍል ሲታረም ሁሉም ይታረማሉ፣ ሲበላሽም ሁሉም ይታወካሉ። በአንጻሩ ስናፕን የመሰሉ ጥቅሎች አብዛኛውን ስንቃቸውን ለየራሳቸው ይዘው ይመጣሉ፤ የአንዱ ጉዳት ለሌላው አይተርፍም፣ ነገር ግን ቦታ ይፈጃሉ፣ አንዱን ጉድለት በየጥቅሉ መላልሶ ማረምም ግድ ይሆናል።

የዚህን ቅራኔ አምሳያ እኛም በፊደላችን አይተነዋል። በኮምፒዩተር ላይ የግዕዝ ፊደል ሠሪዎች ለየሆሄው የየራሳቸውን ቁጥር ሲሰጡ፣ በአንዱ የተጻፈ ድርሰት በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ፊደላችንን በ3ኛው እትሙ ሲያካትት የጋራ ቤት ተገኘ፤ ዋጋውም አሮጌ ጽሑፎችን ወደ አዲሱ መገልበጥ ሆነ።

የለውጡ ጊዜስ? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ማይክሮሶፍት አንድ አደገኛ ጉድለት የሚደፍን ማስተካከያ አወጣ። በግንቦት ወር ዋናክራይ የተባለው ጥቃት ማስተካከያውን ያልጫኑ ኮምፒዩተሮችን መታ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮዎች ተሰረዙ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ እንከን ያለበት ማሻሻያ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ላከ፤ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ተጎዱ፣ በረራዎች ተቋረጡ። የመጀመሪያው ጉዳት የመዘግየት፣ ሁለተኛው የመቸኮል ነው።

ስለዚህ «ተጠቃሚው እንደ ፈቀደ ይሁን» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ያልታረመ ኮምፒዩተር በሽታውን ለጎረቤት ያስተላልፋልና። «ሠሪው ያውቃል» ማለትም አይበቃም። በማጀት ምጣዱን የምታሟሸው ሴት ያው በምጣዱ የምትጋግረው ናት፤ እንጀራው ቢያርር የምትጎዳው እርሷ ናት። የሶፍትዌር ሠሪው ግን ሩቅ ነው፤ በስህተቱ የሚቆመው የእርሱ ሥራ ሳይሆን የሐኪሙ፣ የመምህሩና የደራሲው ሥራ ነው። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ርቀት ነው።

እንግዲህ ኃላፊነቱ በሁለቱም ወገን ይከፈላል። ሠሪው ማሻሻያውን ለሁሉም ከመላኩ በፊት በጥቂቶች ላይ ይሞክረው፤ ወደ አሮጌው መመለሻ በርም ይተውለት። ክራውድስትራይክ ራሱ ከጉዳቱ በኋላ በየደረጃው ለመላክ ቃል ገብቷል። ተጠቃሚውም በበኩሉ የተፈተነውን ማስተካከያ ሳያመነታ ይቀበል። የተማሪዎቻችን ውጤትና የተውኔቶቻችን ረቂቅ ዛሬ በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ተቀምጠዋል። አዲሱ ይምጣ፤ እስኪሟሽ ድረስ ግን አሮጌው ምጣድ ከምድጃው አጠገብ ይቆይ።