ጭብጨባና እርማት

ግጥም በጃዝ እየታጀበ በአዲስ አበባ መድረክ መሰማት ከጀመረ ወዲህ፥ ብዙ ወጣቶች ጽፈው ማሰማትን ይመኛሉ። ታዲያ ይህን ለአቃቂ ቃሊቲ ልጆች በትምህርት ቤት ማስተማር ይገባልን? አንዳንድ ሰው፦ «ልጅ አስቀድሞ ይስማ እንጂ አይናገር» ይላል። ነገር ግን ዝም ብሎ ቅኔ የተማረ የለም። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲደርስ፥ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። እኔንም ከተመሰገነልኝ ቅኔ ይልቅ የተመለሰብኝ አስተምሮኛል። ጭብጨባ ግን ስሕተትን አያርምም።

የአቃቂ ወንዝ በፋብሪካ ፍሳሽ ሲበከል እያየ ያደገ ልጅ ስለ ወንዙ ቢገጥም፥ እውነት መናገሩ መልካም ነው፤ ሰውን ለማዋረድ ቢገጥም ግን ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሎአል። እንግዲህ ልጆቻችንን ዝም አናሰኛቸው፤ የሚያርማቸውን መምህር እንስጣቸው እንጂ።