የማያልፍ ዛሬ

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገቡን በኤክሴል እይዛለሁ። «ቱዴይ» (ዛሬ) የሚባለው ቀመር ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር የዕለቱን ቀን ያመጣል። ውዝፍ ለማስላት ይበጃል፤ መክፈያው ቀን ከዛሬ ላይ ሲቀነስ የዘገየው ቀን ይታወቃል። ደረሰኝ ላይ ግን ይዋሻል፦ በሚያዝያ የከፈለው ሰው፣ ፋይሉ ሰኔ ላይ ሲከፈት በሰኔ የከፈለ ይመስላል። ስለዚህ እዚያ ኮንትሮልንና ሴሚኮለንን አንድ ላይ ተጭኜ ቀኑን አጸናዋለሁ።

ይህ ቀመር ቅዱስ አውግስጢኖስን ያስታውሰኛል፤ እርሱ በ«ኑዛዜ» 11ኛ መጽሐፉ ስለ ጊዜ ሲመራመር የእግዚአብሔር ዛሬ ዘለዓለም መሆኑን ይናገራል። የቀመሩ ዛሬ የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ሁልጊዜ አዲስ የሚሆነው ያለፈውን እየሰረዘ ነው። ሁሉን በአንድ ዛሬ ለሚያይ አምላክ መዝገብ አያስፈልግም። እኛ ግን እንረሳለን፣ እንለወጣለን። ለባልንጀራ የገባነው ቃል ከእኛ ጋር እንዳይለወጥ፣ የማይነቃነቅ ቀን ልንጽፍለት ይገባል።