አበባ ዋጋ አለውን?

ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ደብረ ታቦር በመጣን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መካከል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከከተማው ወጣ ብለን ዐደይ አበባ ለቅመን፣ ከእንግጫ ጋር አሥረን፣ አንዱን እስር በዐሥር ብር ሸጠን ገንዘቡን ለነዳያን እናውል ያልን ነበርን። ሌሎቻችን ግን «ሜዳ ያበቀለውን ስንሸጥ አናፍርም ወይ?» አልን።

ይህ ጥያቄ በእኛ አልተጀመረም። ካርኔሽን የሚባለውን አበባ እናስብ። ሽታው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ስለሚል ዐረቦች ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1908 አና ጃርቪስ የተባለች አሜሪካዊት፣ ሟች እናቷ ትወደው የነበረውን ነጭ ካርኔሽን 500 ያህል ለመታሰቢያዋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ላከች። ይህ አበባ ሲደርቅ ቅጠሎቹን አያረግፍም፣ ወደ ልቡ ይሰበስባቸዋል፤ እናትም እንዲሁ ናት ትል ነበር። በ1914 የእናቶች ቀን በአዋጅ ጸና። አበባ ሻጮችም ገበያው ደራላቸው፤ እርሷም ተቆጣች። በ1925 በፊላዴልፊያ የወታደር እናቶች ማኅበር ካርኔሽን ሲሸጥ ገብታ በመረበሿ ፖሊስ ያዛት። ልብ በሉ፤ እነዚያ እናቶች እንደ እኛ ለበጎ ሥራ ነበር የሚሸጡት! አበዛችው ብንልም፣ ፈጽማ ተሳስታለች ለማለት ግን አልደፈርንም።

በ1974 ደግሞ በሊዝበን ወታደሮች አምባገነኑን መንግሥት ሊጥሉ በወጡበት ቀን፣ ሰለስት ካይሮ የተባለች የምግብ ቤት ሠራተኛ አንዱ ወታደር ሲጋራ ቢለምናት ስላልነበራት ካርኔሽን ሰጠችው፤ እርሱም በጠመንጃው አፈሙዝ ሰካው። አብዮቱ እስከ ዛሬ በዚያ አበባ ይጠራል። ሸጣለት ቢሆን ኖሮ አፈሙዙ ላይ ይሰካው ነበርን?

«የእኛስ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ ዳቦና ሳንቲም ይቀበሉ የለም ወይ?» የሚል መልስ ቀረበ። እውነት ነው፤ ይቀበላሉ። ነገር ግን ዋጋ አይጠሩም። ምንም የሌላት ባልቴት መርቃ ትሸኛቸዋለች፤ አበባውም ከእርሷ ዘንድ ይቀራል። በእኛ የዐሥር ብር ዕቅድ ግን ለዚያች ባልቴት አበባ አይደርሳትም ነበር።

ክርክሩ እዚህ ላይ ቆመ። እስሮቹን በየደጁ ያለ ዋጋ አደልን። ለነዳያን ያሰብነውን ገንዘብ ከየኪሳችን አዋጣን፤ ግማሹም እንኳ አልሞላም።